ድልድዩን የተሻገረው ስንት ሰው ነው?

ልጆቼ፣

ባለፈው የታክስ ወቅት አንድ ወጣት ቢሮዬ መጣ። ሲልቨር ስፕሪንግ ነው ያደገው፣ ሶፍትዌር ይሠራል። ገና ወንበር ሳይዝ "ጋሼ፣ ሜሪላንድ ታክስ ጨመረች አሉ። ቴክሳስ ልሂድ ወይስ ፍሎሪዳ ይሻለኛል?" አለኝ። የዓመት ደመወዙን የሚያሳየውን ወረቀት፣ ዳብሊው ቱውን፣ ተቀብዬ ሠራሁለት። አዲሱ የገቢ ታክስ ጭማሪ እሱ ዘንድ አይደርስም። ማመን አቃተው። ስልኩ ላይ የሚያያቸው ቪዲዮዎች ሁሉ ሀብታሙ እየለቀቀ ነው፣ ስቴቱ ሊከስር ነው የሚሉ ነበሩ።

ይህን የምጽፍላችሁ እሱን አይቼ ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ ታክስ ሠርቻለሁ። የታክሲ ሹፌር፣ ነርስ፣ ሐኪም፣ ባለ ነዳጅ ማደያ፣ ሁሉም ጠረጴዛዬ ጋ ተቀምጧል። ታክስ ሲጨምር ሀብታም ይሸሻል የሚለውን ወሬም በየጊዜው ሰምቻለሁ። የሰማሁትን ከማየው ወረቀት ጋር ማስተያየት ልማዴ ነው። (ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

መጀመሪያ የወጣቱን ጉዳይ ልጨርስ። ሜሪላንድ በ2025 ሁለት አዲስ የገቢ ታክስ እርከን አወጣች። ላላገባ ሰው ከ500 ሺህ ዶላር በላይ ያለው ገቢ 6.25%፣ ከ1 ሚሊዮን በላይ ያለው 6.5% ይከፈልበታል። በፊት ጣሪያው 5.75% ነበር። እንግዲህ ታክስ የሚከፈልበት ገቢው 1.2 ሚሊዮን ዶላር የሆነ ሰው እናስብ። በእነዚህ እርከኖች የሚጨምርበት 4,000 ዶላር ነው። ብዙዎች ታክሱ በጠቅላላው ገቢ ላይ የተጨመረ ይመስላቸዋል። የሚጨምረው ከመስመሩ በላይ ባለው ብር ላይ ብቻ ነው። ይህ ሰው ቤቱን ሸጦ ቢሄድ ለደላላ ብቻ የሚከፍለው ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

አሁን ወደ ወንዙ ኑልኝ። ከፖቶማክ ማዶ ቨርጂኒያ ነው። እዚያ ከፍተኛው የገቢ ታክስ 5.75% ነው፣ ካውንቲ የሚጨምረው የገቢ ታክስ የለም። በእኛ በኩል ሞንትጎመሪ ካውንቲ ከ3% በላይ ይጨምራል። ገቢው ሚሊዮን ለሆነ ሰው ልዩነቱ በዓመት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ነው። ልዩነቱ ደግሞ የትናንት አይደለም፣ እኔ ሥራ ከመጀመሬም በፊት ነበር። ትራፊክ ከሌለ አሜሪካን ሌጅን ድልድይን መሻገር ደቂቃዎች ነው። ታዲያ በእኛ በኩል ያሉት የሀብታም ሰፈሮች፣ ቤተስዳና ቼቪ ቼዝ፣ ለምን ባዶ አልቀሩም?

ደንበኞቼን ስጠይቅ መልሱ ተመሳሳይ ነው። ሐኪሙ ሃያ ዓመት ያፈራቸው ታካሚዎች እዚህ ናቸው። ባለ ማደያው መሬቱን ተሸክሞ አይሄድም። ልጅቱ አሥራ አንደኛ ክፍል ናት። ሚስት ሥራዋን ትወዳለች። እናት አርጅተዋል፣ ቤተ ክርስቲያናቸውም ቅርብ ነው። ሰው ሀብታም የሚሆነው አንድ ቦታ ሥር ሰዶ ነው። ገቢው ጫፍ በደረሰበት ዕድሜ ሥሩም በጣም ጠልቋል።

ጥናቱም ይህንኑ ይላል። ያኔ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ሶሺዮሎጂስት ክሪስቶባል ያንግ ከአሜሪካ ግምጃ ቤት ተመራማሪዎች ጋር ሆነው በ2016 አንድ ሥራ አወጡ። በዓመት ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ገቢ ያስመዘገቡ ሰዎችን የ13 ዓመት የታክስ ፋይል ነው የመረመሩት። ከእነዚህ ሰዎች በዓመት ስቴት የሚቀይሩት 2.4% ያህል ናቸው። ከጠቅላላው ሕዝብ ግን 2.9% ይቀይራል። ከሁሉም በላይ የሚንቀሳቀሰው ዝቅተኛ ገቢ ያለው ነው፣ ወደ 4.5%። ዕቃውን መኪና ላይ ጭኖ የሚሄደው ድሃው ነው ማለት ነው።

ከሁሉ አብልጬ ልነግራችሁ የምፈልገው ግን የ2008ን ነገር ነው፤ በዓይኔ ያየሁት ስለሆነ። ያኔም ሜሪላንድ ከ1 ሚሊዮን በላይ ባለ ገቢ ላይ 6.25% ጣለች። በቀጣዩ ሚያዝያ፣ ታክስ ፋይል በሚደረግበት ወር፣ ሲቆጠር ከሚሊዮን በላይ ያስመዘገቡት ሰዎች በሲሶ ያህል ቀንሰው ተገኙ፣ ከ3 ሺህ ገደማ ወደ 2 ሺህ ገደማ። ሀብታሞቹ ሸሹ ተባለ። ወሬው አገር አዳረሰ። ዛሬም ድረስ እንደ ማስረጃ ሲጠቀስ እሰማለሁ።

እኔ ዘንድ የነበረውን ስሙ። አንድ ደንበኛዬ በ2007 ከሚሊዮን ትንሽ ዘለል ያለ ገቢ ነበረው፣ ግማሹ ከአክሲዮን ሽያጭ። በ2008 ገበያው ከሲሶ በላይ ወደቀ። ሰውዬው የሚሸጠው ትርፍ አጣ። ገቢው ወደ 600 ሺህ ወረደ። ያው ካፖርት፣ ያው ቦርሳ፣ ያው ወንበር ላይ ተቀምጦ ፈረመ። ከሚሊየነሮቹ መዝገብ ወጣ፣ ከቤቱ ግን አልወጣም። ሌሎች ሁለት ደንበኞቼ ደግሞ በሚያዝያ ጭራሽ አልተቆጠሩም። ኬ ዋን የሚባለው የሽርክና ወረቀት ስለሚዘገይባቸው በየዓመቱ ኤክስቴንሽን፣ ማለት የጊዜ ማራዘሚያ፣ ይጠይቃሉ፣ ፋይል የሚያደርጉት ጥቅምት ላይ ነው። ሀብታም በሚያዝያ አይቆጠርም። ይህን ማንኛውም ታክስ ሠሪ ይነግራችሁ ነበር፣ ግን ማንም አልጠየቀንም። እርከኑ በ2010 መጨረሻ ጊዜው አልፎ ቀረ።

ስለዚህ ኢኮኖሚክስ የምትማሩ፣ ነገ በጀት የምትጽፉ ልጆች፣ "ቁጥሩ ቀነሰ" ሲሏችሁ ሰዎቹ የት እንዳሉ ጠይቁ። ገቢው መቀነሱ አንድ ነገር ነው፣ ሰውየው መሄዱ ሌላ ነው።

እንዲህ ስል ማንም አይሄድም ማለቴ አይደለም። ይሄዳሉ። በተለይ ፍሎሪዳ። የገቢ ታክስ የለባትም፣ ፀሐይ አላት፣ ጡረታ የወጣ ሰው የሚያስረው ነገር ትንሽ ነው። የሄጅ ፈንድ (የባለጸጎችን ገንዘብ የሚያንቀሳቅስ ድርጅት) ባለቤት የሆኑት ቢሊየነር ዴቪድ ቴፐር ከኒው ጀርሲ ፍሎሪዳ መግባታቸው በ2016 ሲሰማ፣ የአንድ ሰው መሄድ የስቴቱን የገቢ ትንበያ ሊያናጋ ይችላል ተብሎ ለምክር ቤቱ ተነገረ። በጀት በጥቂት ሰዎች ትከሻ ላይ ሲቆም እንዲህ ነው። (በኋላ ተመልሰው ኒው ጀርሲ እንደገቡ ተዘግቧል።) ካሊፎርኒያ በ2012 ከፍተኛውን መጠን 13.3% ስታደርስ ከከፍተኛ ገቢ ባለቤቶች የለቀቁት በርከት ማለታቸውን ጆሹዋ ራውና ራያን ሹ የተባሉ ተመራማሪዎች አሳይተዋል። እኔን የበለጠ ያሳሰበኝ ሁለተኛው ግኝታቸው ነው። የቀሩትም ያስመዘገቡት ገቢ ቀንሷል። ሰውየው እዚያው ተቀምጦ ገቢው ሊሸሽ ይችላል። አክሲዮን መሸጡን ያዘገያል፣ ቦነሱን ያሸጋግራል። ስለዚህ በ2025 ሜሪላንድ ካወጣችው ውስጥ የምከታተለው እርከኖቹን አይደለም። ገቢያቸው ከ350 ሺህ ዶላር በላይ በሆነ ሰዎች የካፒታል ትርፍ (አክሲዮን ወይም ንብረት ሲሸጥ የሚገኝ ትርፍ) ላይ የተጨመረውን 2% ነው። የአክሲዮን ትርፍ ታካሚም ማደያም አያስረውም።

በሌላ በኩል ማሳቹሴትስን እዩ። ሕዝቡ በ2022 ድምፅ ሰጥቶ ከ1 ሚሊዮን በላይ ባለ ገቢ ላይ 4% ተጨመረ፣ ለትምህርትና ለትራንስፖርት። በ2024 የበጀት ዓመት 1 ቢሊዮን ዶላር ታስቦ ከ2 ቢሊዮን በላይ ገባ። የሄደ ሰው የለም ማለት አልችልም። የቀረው ግን ከታሰበው በላይ ከፍሏል።

መሄድ ለምትፈልጉም አንድ ነገር ልንገራችሁ። አድራሻ መቀየር መሄድ አይደለም። አንድ ሰው ፍሎሪዳ ኮንዶ ገዛ፣ መንጃ ፈቃድ አወጣ፣ ለምርጫ ተመዘገበ። ሚስቱና ልጁ ግን እዚሁ ሜሪላንድ፣ ፖቶማክ በምትባለው ሰፈር ናቸው። ኦዲት ሲመጣ ወደ እኔ ሮጠ። የስልኩን ቢል ጠየቁት። የኢዚ ፓሱን (የመንገድ ክፍያ መቁረጫውን) መዝገብ፣ የጥርስ ሐኪሙን ቀጠሮ፣ የጂም ካርዱን ጠየቁት። ውሻው የሚታከመው የት ነው ብለው ጠየቁ። ጠረጴዛዬ ላይ ወረቀቱን በየወሩ ደረደርነው። ከዓመቱ ግማሽ በላይ ያደረው ሜሪላንድ ነበር። ታክሱን ከነወለዱና ከነቅጣቱ ከፈለ። ከታክሱ ይልቅ ያመመው ልጁ ሰነዱን ማየቱ ነበር።

እናንተ ግን ወጣቶች ናችሁ። የምትንቀሳቀሱት እናንተ ናችሁ፣ ሂዱ ብዬም እመርቃለሁ። ከልጆቻችን ስንቱ ዳላስና ላስ ቬጋስ ገብቷል! የወሰዳቸው የቤት ዋጋ ነው። አንድ ባልና ሚስት ዳላስ አጠገብ የ400 ሺህ ዶላር ቤት ገዙ። የስቴት የገቢ ታክስ የለም ብለው ደስ ብሏቸው ነበር። የመጀመሪያው ዓመት የቤት ታክስ ከ7 ሺህ ዶላር በላይ መጣባቸው። እዚህ ለስቴትና ለካውንቲ ይከፍሉ ከነበረው የገቢ ታክስ በለጠ። ቢሆንም አልተጸጸቱም። እዚህ ቢሆኑ ያንን ቤት አያገኙትም ነበር። ከመሄዳቸው በፊት ቢጠይቁኝ ግን ሁሉንም ባንድ ወረቀት አስቀምጥላቸው ነበር። የገቢ ታክስ፣ የቤት ታክስ፣ የሽያጭ ታክስ፣ ኢንሹራንስ፣ ሕፃን የሚይዝላቸው ሰው ዋጋ። አያት ቅርብ ሲኖር የመጨረሻው ዜሮ ነው።

ያ ወጣት ባለፈው ሳምንት ደወለልኝ። እዚሁ ሜሪላንድ፣ ፍሬድሪክ አካባቢ ቤት እያየ ነው። የጠየቀኝ ስለ ሞርጌጅ ወለድ፣ ስለ ቤት ታክስና እናቱ ቤት ለመድረስ በሰንበት ጠዋት ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ነው። የመጨረሻውን ራሱ ነድቶ እንዲያየው ነገርኩት።