ስኳርና ጭንቅላት፦ ለጠየቃችሁኝ ሁሉ

ለዓመታት በስኳር ክትትል ክፍል የሠራሁ ነርስ ነኝ። ሰው ስለ እግሩ፣ ስለ ዓይኑ፣ ስለ ኩላሊቱ ይጠይቀኛል። ስለ ጭንቅላቱ የሚጠይቀኝ ግን ጥቂት ነው። ለዚህ ነው ስኳር ከማስታወስ ጋር ምን እንደሚያገናኘው ጠይቁኝ ያልኳችሁ። ከላካችሁልኝ ውስጥ እነዚህን መለስኩ።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ አባቴ 68 ዓመታቸው ነው። ስኳር ከያዛቸው 15 ዓመት ሆኗል። አሁን አሁን የነገርኳቸውን ወዲያው ይረሳሉ። ቤተሰቡ «እርጅና ነው፣ ተዋቸው» ይለኛል።

መልስ፦ እባክህ አትተዋቸው። ስኳር ለረጅም ጊዜ ከፍ ብሎ ሲቆይ የአንጎልን ጥቃቅን የደም ሥሮች ይጎዳል። ዓይንና ኩላሊት ላይ የሚያደርሰውን እዚያም ያደርሳል። ደም በደንብ የማይደርሰው የአንጎል ክፍል ቀስ በቀስ ይዳከማል። ዓይነት 2 ስኳር ያለበት ሰው በመርሳት በሽታ የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ሰው አንድ ተኩል እጥፍ ገደማ ነው። ይህ ግን ስኳር ያለበት ሁሉ ይረሳል ማለት አይደለም።

መጀመሪያ ሊስተካከል የሚችለውን ፈልጉ። አባትህ ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር ኪኒን ይወስዳሉ? ለዓመታት ሲወሰድ ቫይታሚን ቢ12ን ሊያሳንስ ይችላል። የቢ12 እጥረት ደግሞ ያስረሳል፣ እግርም ያደነዝዛል። በደም ምርመራ ይታወቃል፤ በመርፌ ወይም በኪኒን ይተካል። እግር ሲደነዝዝ «ስኳሩ ነው» ተብሎ ስንት ጊዜ ሲታለፍ አይቻለሁ! መድኃኒቱን ግን በራሳችሁ እንዳታቋርጡ። የታይሮይድ ማነስም ያስረሳል። ድባቴም እንዲሁ። ስኳር ባለባቸው ሰዎች ላይ ድባቴ ይበዛል፤ በየቤታችን ግን «ዝምተኛ ሆነ» ተብሎ ይታለፋል።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ኢንሱሊን ይወጋል። ምሳ ከዘገየ ያለ ምክንያት ይቆጣል፣ ይሳደባል። በኋላ «አላስታውስም» ይለኛል። ጸባዩ ነው ወይስ በሽታው?

መልስ፦ ስኳሩ ወርዶ ሊሆን ይችላል። አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ያህል ቢሆን ነው። ከምንጠቀመው ጉልበት ግን 20 በመቶ ገደማውን ይወስዳል። ዋና ምግቡ ግሉኮስ ነው፤ አጠራቅሞ የሚያቆየው ስንቅ ደግሞ የለውም ማለት ይቻላል። ደሙ ውስጥ ሲያንስ ቶሎ ይደናገራል።

አንድ ታካሚ ትዝ ይሉኛል። ረጋ ያሉ፣ የተከበሩ ሰው ናቸው። አንድ ቀን ጠዋት ወረፋ ሲጠብቁ ካርዳቸውን ቀደው ጣሉት፤ ተራ አስጠባቂው ላይም ጮኹበት። «ጠጥተው ነው» አለ ሰው። እኔ ግንባራቸውን አየሁ። በዚያ ብርድ ላብ ችፍ ብሏል። ጣታቸውን ወግቼ ስለካ 41! ለምርመራ ነው ብለው ቁርስ ሳይበሉ፣ ኢንሱሊናቸውን ግን ወግተው ነበር የመጡት። ስኳር በውኃ በጥብጠን ሰጠናቸው። ከሩብ ሰዓት በኋላ የተቀደደውን ካርድ አንስተው «ማነው እንዲህ ያደረገው?» ብለው ጠየቁኝ።

ስለዚህ ሲቆጣ አትከራከሪው፣ ለኪው። ከ70 በታች ከሆነ 3 ወይም 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠሽ ስጪው። ግማሽ ብርጭቆ ለስላሳም ይሆናል፤ ስኳር የሌለው ዓይነት ግን አይሠራም። ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ለኪ፤ ካልወጣ ድገሚለት። መለኪያ ከሌለሽ ሳትጠብቂ ስጪው። ዳቦና ቆሎ ቀስ ብለው ነው የሚደርሱት፣ ከዚያ በኋላ ይብላቸው። ራሱን ከሳተ አፉ ውስጥ ምንም ነገር አትጨምሪ፣ ትን ይለዋል። ወደ ሐኪም ቤት ሩጪ።

ጥያቄ፦ የ16 ዓመት ልጄ ዓይነት 1 ስኳር አለበት። ባለፈው ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሳተ። አእምሮው ተጎድቶ ይሆን?

መልስ፦ ጭንቀትሽ ይገባኛል። በ2007 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የወጣ ጥናት ዓይነት 1 ያለባቸውን ከ1,100 በላይ ሰዎች ለ18 ዓመት ያህል ተከታትሏል። ሲጀምሩ ጎረምሶችና ወጣት አዋቂዎች ነበሩ። ብዙዎቹ እንደ ልጅሽ ራሳቸውን ስተው ያውቃሉ፤ የማሰብ ችሎታቸው ግን በዚያ ምክንያት ቀንሶ አልተገኘም። ቢሆንም ለምን እንደወረደበት ከሐኪሙ ጋር ተነጋገሩ። ኪሱ ከረሜላ አይጣ።

ጥያቄ፦ አልዛይመር የሚባለው የመርሳት በሽታ «ዓይነት 3 ስኳር» ነው ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ ስሙ በ2005 እ.ኤ.አ. ገደማ ከተመራማሪዎች የመጣ ነው። በአልዛይመር በተያዘ አንጎል ውስጥ ኢንሱሊን እንደሚገባው አይሠራም ከሚል ሐሳብ የተነሣ ነው። ሐኪም ግን ይህን ስም ለበሽታ አይሰጥም። ስኳር ሳይኖርባቸው አልዛይመር የሚይዛቸው ብዙ ናቸው።

ጥያቄ፦ 74 ዓመቴ ነው። ስኳሬን በጣም ዝቅ ባደርገው ጭንቅላቴን ያድንልኛል?

መልስ፦ አባቴ፣ በጣም ዝቅ ማድረጉ አይመከርም። አኮርድ በተባለው የአሜሪካና የካናዳ ጥናት የስኳርን የሦስት ወር አማካይ (HbA1c በሚባለው የደም ምርመራ የሚታየውን) ከ6 በመቶ በታች ለማውረድ ተሞክሮ ነበር። ይህ የተሞከረባቸው ሰዎች የማስታወስ ችሎታ ከሌሎቹ አልተሻለም። እንዲያውም የሞተው ሰው ስለበዛ ያ የጥናቱ ክፍል በ2008 እ.ኤ.አ. ቆመ። መርሳት ለጀመራቸው ወይም ሌላ ከባድ ሕመም ላለባቸው አዛውንቶች ከ8 በመቶ በታች መሆኑ ይበቃል። የደም ግፊትዎን ግን ችላ አይበሉት። የአንጎልን ሥር እሱም ይጎዳል።

ጥያቄ፦ እናቴ ግሊቤንክላማይድ ይወስዳሉ። ጾም እስከ 9 ሰዓት ካልጾምኩ ይላሉ።

መልስ፦ የጾም ምግቡ ችግር የለውም። አደጋው እህል ሳይቀምሱ መቆየቱ ላይ ነው። ይህ መድኃኒት ቢበሉም ባይበሉም ቆሽትን ኢንሱሊን ያስለቅቃል፤ በአዛውንት ላይ ደግሞ ብዙ ይቆያል። ጾሙ ሳይገባ ሐኪማቸውን አነጋግሩ፤ መጠኑን ወይም ሰዓቱን ሊቀይርላቸው ይችላል። የንስሐ አባታቸውም ይስሙ። ረመዳን ለሚጾሙም የምለው ያው ነው።

ጥያቄ፦ ያለሁት ሜሪላንድ ነው። እናቴ አዲስ አበባ ከአንዲት ልጅ ጋር ይኖራሉ። ባለፈው ሳምንት ኢንሱሊናቸውን ወግተው ረስተው ደግመው ወጉ።

መልስ፦ እህቴ፣ የምፈራው ይህንን ነው። መርሳቱ መድኃኒቱን ያሳስታል፤ የተሳሳተው መድኃኒት ደግሞ ጭንቅላቱን ይጎዳል። ከአሁን በኋላ ብልቃጡና ስሪንጁ ልጅቷ ጋ ይቀመጥ። ግድግዳው ላይ ካላንደር ስቀሉ፤ በተወጉ ቁጥር እዚያው በእስክሪብቶ ምልክት ይደረግ። ስትደውዪ በቪዲዮ አሳዩኝ በያቸው። ለሐኪማቸውም መርሳት መጀመራቸውን ንገሪው፤ የመርፌውን ቁጥር ሊቀንስላቸው ይችላል። ድንገት ደግመው ከወጉ ወዲያው ይብሉና ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። እስኪደርሱ በየሰዓቱ ይለኩ። ኢንሱሊኑ ለብዙ ሰዓት ስለሚሠራ አንዴ ደህና ነው ብሎ መተኛት የለም። ሌሊቱን አጠገባቸው ነቅቶ የሚያድር ሰው ይኑር።