የጓዳ ጥያቄዎች፦ ለደመራ ማታ ኮረሪማ ያለው ዶናት

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የምኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው። ዘንድሮ የደመራ ማታ ቤተሰቡ ሁሉ እኔ ጋ ነው የሚሰበሰበው። ከመስቀል አደባባይ ሲመለሱ ከቡናው ጋር ዶናት ላቀርብላቸው አስቤያለሁ። ባለቤቴ ዘይት የበዛበት ነገር ስለማይስማማው በኦቨን መጋገር እፈልጋለሁ። ስሞክረው ግን ደረቀብኝ። ቀረፋና ቅርንፉድ በደንብ አድርጌበት ነበር፤ ሊጡም ቶሎ አልነሳ አለኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እንኳን አብሮ አደረሰን የኔ ልጅ። ሊጡ ያልነሳው በእርሾው አይመስለኝም፣ በቅመሙ ነው። ቀረፋና ቅርንፉድ ውስጥ ያለው መዓዛ ሰጪ ዘይት እርሾን ያደክማል። ትንሽ ሲሆን ምንም አይል። ሲበዛ ግን ሊጡ ተኝቶ ይውላል። ስለዚህ ለየቅመሙ ቦታ እንስጠው። ኮረሪማው ሊጡ ውስጥ ይግባ። ቀረፋው ከላይ፣ ከስኳር ጋር ይሁን። ቅርንፉዱን ለሻይ አስቀምጪው።

ድርቀቱ ሌላ ምክንያት አለው። ሊጡ እጃችን ላይ ሲጣበቅ ዱቄት መጨመር ይቀናናል። የዶናት ሊጥ ግን መጣበቅ አለበት። ካፌ የምንበላው ቦምቦሊኖ ዘይት ውስጥ ስለሚጠበስ ልስላሴውን በከፊል ከዘይቱ ያገኛል። በኦቨን የሚጋገረው ግን አንቺ በሊጡ ውስጥ ካስገባሽለት እርጥበት ሌላ ምንም የለውም። ከዚህ ሁሉ ምክር አንዱን ብቻ የምትይዢ ከሆነ ይህን ያዢ፦ ዱቄት አትጨምሪ።

ለ20 ያህል ዶናት ግማሽ ኪሎ የፉርኖ ዱቄት፣ 240 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ወተት፣ 2 እንቁላል፣ 75 ግራም ስኳር፣ 75 ግራም የገበታ ቅቤ እና አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ጨው ያስፈልግሻል። ደረቅ እርሾ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ይበቃል። የውጭ አገር መጽሐፍ ከዚህ በላይ ሊልሽ ይችላል። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ሊጥ እዚህ ቶሎ ይነፋል። እርሾ ሲበዛበት ተነፍቶ ይወድቃል፣ ይኮመጥጣልም። ንጥር ቅቤ ደግሞ ለዚህ አይሆንም። ነጭ ሽንኩርቱና ኮሰረቱ ከስኳር ጋር አይስማሙም።

ስለ ኮረሪማው ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የዚህ ዶናት ነፍሱ እሱ ነው። የቅመም ዶናት ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ቀረፋ ብቻ ነው። ኮረሪማ ግን የራሳችን ነው፣ ከከፋ ጫካ የሚመጣ። የተፈጨውን አትግዢ፤ መዓዛው ቶሎ ይሄድበታል። ከመርካቶም ሆነ ከሰፈርሽ ቅመም ሻጭ ከነቅርፊቱ ግዢ። ቅርፊቱን ሰብረሽ ውስጡ ያሉትን ፍሬዎች አውጪ። በደረቅ መጥበሻ፣ ለስለስ ባለ እሳት አመስ አመስ አድርጊያቸው። ሽታው ብቅ ሲል ወዲያው አንሺ። ከዚያ ሙቀጫ ውስጥ ወቅጠሽ በስስ ወንፊት ንፊው። ለዚህ ሊጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ይበቃል። ገውዝ ካለሽ በጣም ትንሽ ፈቅፍቂበት። ኮረሪማ ካጣሽ ሄልም ይሆናል፣ ግን ኮረሪማውን ብትፈልጊ ደስ ይለኛል። ሲጋገር ቤቱ በዓል በዓል ይሸታል።

ወተቱን፣ እርሾውንና አንድ ማንኪያ ስኳር ቀላቅለሽ አረፋ እስኪያወጣ ጠብቂ። ከቅቤው በቀር ሁሉንም ጨምሪና ለ10 ደቂቃ ያህል እያሸሽ ቆዪ። ከዚያ የለሰለሰውን ቅቤ በትንሽ በትንሹ እያስገባሽ ማሸትሽን ቀጥዪ። መጀመሪያ ሊጡ የተበላሸ ይመስላል። አይዞሽ፣ ይሰበሰባል። ሲጣበቅብሽ እጅሽን ዘይት አስነኪው። ከድነሽ እጥፍ እስኪሆን ተዪው። ሰዓት አትቁጠሪ፤ ሊጡን እዪ። የመስከረም ጠዋት ይበርዳል፤ ፀሐይ ስትወጣ ያው ሊጥ ፈጥኖ ይደርሳል።

አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ውፍረት እንዲኖረው ዳምጪና በብርጭቆ አፍ ቁረጪው። መሃሉን በሃይላንድ ክዳን አውጪው። ትሪ ላይ አራርቀሽ ደርድሪና ለ30 ደቂቃ ያህል ይረፍ። በጣትሽ ስትነኪው ጉድጓዱ ቀስ ብሎ ከተመለሰ ደርሷል።

ኦቨኑን ቀድመሽ 190 ዲግሪ አድርሺው። የብዙዎቻችን ኦቨን ከሥር ይበረታል። ስለዚህ ሁለት ትሪ ደርበሽ ጋግሪ፣ ከታች ደግሞ የፈላ ውሃ የያዘ ትንሽ ድስት አስቀምጪ። ከ10 እስከ 12 ደቂቃ ይበቃዋል። ወርቃማ ሲሆን አውጪው። ቡናማ እስኪሆን ከጠበቅሽ ያው ድርቀት ነው። ገና ትኩስ እያለ የቀለጠ ቅቤ ቀቢና 150 ግራም ስኳር ከሁለት የሻይ ማንኪያ ቀረፋ ጋር በቀላቀልሽበት ሳህን ላይ አገላብጪው።

የተጠበሰውን አይመስልም፤ ይህን ከአሁኑ እወቂው። ያ ጥብስ ጥብስ የሚለው ልባስ የሚገኘው ዘይት ውስጥ ብቻ ነው። ይኼኛው ለስላሳ፣ ቅመም ቅመም የሚል ነው። በተጋገረበት ቀን መበላት አለበት።

አንቺም ደመራ የምትወጪ ከሆነ ሊጡን በዋዜማው ማታ አቡክተሽ ፍሪጅ አሳድሪው። ከመውጣትሽ በፊት ቁረጪና ከነትሪው ከድነሽ ወደ ፍሪጅ መልሺው። ስትመለሺ አውጪው፤ ቅዝቃዜው ለቆት እስኪነፋ ቡናውን ትቆያለሽ። በዚያ ቀን ወደ አደባባዩ የሚወስዱ መንገዶች ስለሚዘጉ ከለገሃርና ከስታዲየም በኩል መመለሻው በእግር ነው። ሰዓትሽን ሰፋ አድርገሽ አስቢ።

መብራት ቢጠፋም አትደንግጪ። ፍሪጁን እስካልከፈትሽው ሊጡ ለጥቂት ሰዓት ምንም አይሆንም። ሲሊንደር ካለሽ ወፍራም ድስት ውስጥ ከድነሽ፣ በዝቅተኛ እሳት፣ እንደ አምባሻ እያገላበጥሽ ጋግሪው።

ጥያቄ፦ ከፒያሳ ነው የምጽፍልዎ። የማኅበር እንግዶቼ የሚመጡት ረቡዕ ነው፣ ሁሉም ይጾማሉ። ያለ እንቁላልና ያለ ወተት ዶናት ይሆናል?

መልስ፦ በደንብ ይሆናል። በወተቱ ምትክ የሱፍ ውሃ ይጠቀሙ። ሱፉን ቀቅለው፣ ወቅጠው፣ በውሃ አሽተው ያጥሉት። ለግማሽ ኪሎ ዱቄት 220 ሚሊ ሊትር የሱፍ ውሃ፣ 60 ሚሊ ሊትር ዘይት እና 150 ግራም ያህል ተቀቅሎ የተፈጨ ድንች ያስገቡ። ድንቹን ባይተዉት ነው የምመክርዎት። እርጥበት ይይዛል፣ የእንቁላሉንም ጉድለት ይሸፍናል። ስኳሩ፣ ጨውና እርሾው ከላይ እንዳልኩት ነው። ኮረሪማውን ግን ትንሽ ይቀንሱ። ቅቤና ወተት ስለማይሸፍኑት ጎልቶ ይወጣል። ሲወጣ በቅቤ ፈንታ ዘይት ቀብተው ቀረፋና ስኳሩ ላይ ያገላብጡት።

እንግዶችዎ እስከ 9 ሰዓት የሚጾሙ ከሆነ 6 ሰዓት ላይ ሊጡን ያቡኩ። ትኩስ ትኩሱን ይደርስልዎታል።

ጥያቄ፦ አራት ኪሎ የምኖር ላጤ ነኝ። ኦቨን የለኝም፣ በሲሊንደር ነው የምጠብሰው። ለመስቀል ጓደኞቼ ይመጣሉ። ዶናቱ ግን ውጪው ጠቁሮ ውስጡ ሊጥ ይሆንብኛል።

መልስ፦ ዘይቱ በጣም ግሎ ነው ወንድሜ። እዚህ ከተማ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። በሊጡ ውስጥ ያለው ውሃ በዚያው ሙቀት ስለሚተን ውስጡ ቀስ ብሎ ነው የሚበስለው። ውጪው ግን ዘይቱ እንደጋለ መጠን ይጠቁራል። መጽሐፍ 185 ዲግሪ ቢልህ አንተ 170 ላይ ጥበስ።

ቴርሞሜትር ከሌለህ ቁራጭ ሊጥ ጣል አድርግ። ሥር ተቀምጦ ከቀረ ገና ነው። ወዲያው ከጠቆረ እሳቱን ቀንስ። ቀስ ብሎ ተነስቶ ዙሪያውን አረፋ ሲያወጣ ጀምር። በአንድ ጊዜ ከሦስት በላይ አታስገባ፣ ዘይቱ ይቀዘቅዝና ሊጡ ዘይት ይጠጣል። ቀዳዳ ያለውን ቅርጽ ምረጥ። ድፍኑ መሃሉ እስኪበስል ውጪው ያርርብሃል። የተረፈውን ዘይት ሲበርድ አጥልለህ ጠርሙስ ውስጥ አስቀምጠው። የእቃ ማጠቢያው ላይ አትድፋው፣ ቱቦውን ይደፍነዋል።