የካናቢስን የላብራቶሪ ምርመራ ወረቀት እንዴት ላንብበው?

ጥያቄ፦ ሎስ አንጀለስ ነው የምኖረው፣ እናቴ ለካንሰር ኬሞ ላይ ናት፣ ለማቅለሽለሹ ሐኪሟ ተስማምቶ ካናቢስ ከህጋዊ ሱቅ እገዛላታለሁ። የላብራቶሪ ወረቀቱ ቲኤችሲ (የሚያሰክረው ንጥረ ነገር) 1 ፐርሰንት፣ ቲኤችሲኤ 24 ፐርሰንት ይላል፣ የቱን ልመን?

መልስ፦ እህቴ፣ እናትሽን እግዜር ይማርልሽ። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ አበባው ሳይሞቅ ውስጡ ያለው በአብዛኛው ቲኤችሲኤ ነው፣ ሲሞቅ ነው ወደ ቲኤችሲ የሚቀየረው፣ ሲቀየር ክብደቱ ስለሚቀንስ በ0.877 ይባዛል፣ እና ያንቺ 24 ወደ 21 ይወርዳል፣ 1ዷን ስትደምሪ 22 ገደማ ማለት ነው። ብዙ ላብራቶሪዎች ኤችፒኤልሲ የሚባለውን ማሽን የሚጠቀሙትም ናሙናውን ሳያሞቅ ሁለቱን ለይቶ ስለሚለካ ነው።

እኔ ግን ፐርሰንቱን ትቼ መጀመሪያ ሻጋታውን ነበር የማየው። ኬሞ ላይ ላለ ሰው አስፐርጊለስ የሚባለው ሻጋታ ሳንባ ከገባ በጣም አደገኛ ነው፣ ካሊፎርኒያም በሚጨስ ዕቃ 1 ግራም ውስጥ 4 ዓይነቶቹ ጭራሽ እንዳይገኙ ትከለክላለች። እርሳስ ደግሞ በግራም ከ0.5 ማይክሮግራም መብለጥ የለበትም። ወረቀቱ ላይ ያለውን የባች ቁጥር (ዕቃው የተመረተበትን ዙር የሚለየውን ቁጥር) ማሸጊያው ላይ ካለው ጋር አስተያዪው፣ ካልገጠመ ወረቀቱ የሌላ ዕቃ ነው፣ መልሺላቸው። ነጭ የደም ሴሏ ወርዶ ከሆነ ግን ወረቀቱ ንጹህ ቢሆንም እንኳ ከማጨሷ በፊት የካንሰር ሐኪሟን ጠይቂልኝ እባክሽ።