መልስ፦ ለዲኤክስ ትልቅ ዲናሞ ላስር ወይ?

ወንድሜ፣ ማታ መብራትና ቴፕ ስትከፍት የዲኤክስ መኪናህ ባትሪ እየወረደ ስለተቸገርክ ባለ 80 አምፔር ዲናሞ ላስር ወይ ብለሃል። ማሰር ይቻላል። ግን ገንዘብህን ከማውጣትህ በፊት መልቲሜትር (ቮልት መለኪያ) ያዝ።

ሞተሩ ጠፍቶ ካደረ ባትሪው 12.6 ቮልት አካባቢ ማሳየት አለበት። ሞተሩን አስነሳ፣ መብራቱን ክፈትና ድገመው። ከ13.8 እስከ 14.4 ከሆነ ዲናሞው እየሠራ ነው። ከ13 በታች ከወረደ የመልቲሜትሩን አንዱን ጫፍ የዲናሞው ወፍራም ገመድ ማሰሪያ ላይ፣ ሌላውን የባትሪው ፖዘቲቭ ላይ አድርግ። ግማሽ ቮልት ካሳየህ ኃይሉ መንገድ ላይ እየቀረ ነው።

የእኔም ችግር ይኸው ነበር። ዲናሞ ቀይሬ ምንም ለውጥ አላየሁም። በኋላ ከሞተሩ ወደ ቦዲው የሚሄደውን የኔጌቲቭ ገመድ ስፈታው፣ ከብሎኑ ሥር አረንጓዴ ዝገት ተጋግሮ አገኘሁ። በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ መልሼ ሳስረው መብራቱ ቦግ አለ።

ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ ካልበቃህ ቀይረው። 80 የሚለው ቁጥር ግን ሞተሩ ሲሮጥ ነው፤ በሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳትረግጥ ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞር) በጣም ያንሳል። አንተ የምትቸገረው ትራፊክ ላይ ቆመህ ከሆነ፣ ሻጩን በሚኒሞ ስንት አምፔር እንደሚሰጥ ጠይቀው።

የድሮውን ገመድ አትመነው፣ ይግላል። ከዲናሞው እስከ ባትሪው 16 ካሬ ሚሊሜትር ገመድ ዘርጋ፤ ባትሪው አጠገብ 100 አምፔር ፊውዝ አስገባ። ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጊያም አዲስ ይሁን። ሥራውን ከመጀመርህ በፊት የባትሪውን ኔጌቲቭ መፍታት እንዳትረሳ።