ከየት?

ባለፈው ሳምንት ለቅጥር ፈተና የምትዘጋጅ አንዲት ወጣት ጥያቄ ይዛ መጣች። ምንባቡ ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ «ሥልጠናውን የጨረሱ ሁሉ ፈተናውን አልፈዋል። ከአዲሶቹ ሠራተኞች አንዳንዶቹ ሥልጠናውን ጨርሰዋል።» ከዚህ ተነሥታ የግድ እውነት የሚሆነውን እንድትመርጥ ስትጠየቅ፣ የመረጠችው «ሥልጠናው ሠራተኞችን ለፈተናው ብቁ ያደርጋል» የሚለውን ነበር። መልሱ ግን «ቢያንስ አንድ አዲስ ሠራተኛ ፈተናውን አልፏል» ሆኖ ተገኘ። «ጋሼ፣ ይህ እኮ ምንም አልተናገረም!» አለችኝ ተናድዳ። ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ አንድ የመጋዘን ሠራተኛ ትዝ አለኝና ሳቄ ጠፋ።

ጀማሪ ኦዲተር ነበርኩ። ንብረት እየጎደለበት የተቸገረ መጋዘን እንድመረምር ተመደብኩ። የተሰጠኝ ማስታወሻ አራት መስመር አይሞላም፦ ጉድለቱ ሁልጊዜ የሚገኘው ማለዳ ነው፤ ሌሊት ቁልፉ የሚያድረው በአንድ ሰው እጅ ነው። ሌላ ምን ያስፈልጋል? «ንብረቱ የሚጠፋው ሌሊት ነው፤ ተጠያቂውም ቁልፍ ያዡ ነው» ብዬ ጻፍኩ። ዓረፍተ ነገሩ ደስ ብሎኝ ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

አለቃችን ብዙ አይናገሩም ነበር። በጥፍራቸው ካልሆነ በቀር የማይያዝ፣ ተቀርጾ ተቀርጾ ያለቀ ቀይ እርሳስ ነበራቸው፤ በእሱ በረቂቃችን ኅዳግ ላይ «ከየት?» ብለው ይጽፋሉ። እርሳሱን ለምን እንደማይቀይሩ ዛሬም አይገባኝም። በዚያ ዓረፍተ ነገር አጠገብም «ከየት?» ብለው ነበር። «ግልጽ ነው እኮ» አልኳቸው። በሥራ ተወጥረው ስለነበር ፈረሙልኝ። ሰውየው ከቦታው ተነሣ፤ ደመወዙም ተቆረጠ።

ከወራት በኋላ ቆጠራው ማለዳና ማታ ሆነ። ጉድለቱ በማታው ቆጠራ ላይ ታየ። ለካስ ቀድሞ የሚቆጠረው በቀን አንድ ጊዜ፣ ማለዳ ብቻ ኖሯል! ቀን የጠፋውም ሌሊት የጠፋውም የሚታወቀው ማለዳ ነበር። ማስታወሻው የነገረኝ ጉድለቱ መቼ እንደታየ እንጂ ንብረቱ መቼ እንደጠፋ አይደለም።

ምንባቡን በጥንቃቄ አንብቡ እያልኩ አላደክማችሁም። የምጨነቀው ስለ ሌላ ነገር ነው፤ ትልቅ ነገር የመናገር ጉጉታችን ያሳስበኛል። ልጅቷ ሥልጠናውን የማለፋቸው ምክንያት አደረገችው፤ ምንባቡ ግን ያልሠለጠኑት ይለፉ ይውደቁ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። «አንዳንዶቹ» የሚለውም ቢያንስ አንድ ሰው መኖሩን እንጂ ሌሎቹ አለመጨረሳቸውን አይነግራችሁም። ዋትሰን ግሌዘር በሚባለው፣ ቀጣሪዎች በሚጠቀሙበት የማመዛዘን ፈተና፣ ከመረጃ ድምዳሜ ላይ መድረስን በሚለካው ክፍል ከአምስቱ ምርጫዎች አንዱ «መረጃው በቂ አይደለም» የሚል ነው፤ የዛሬ ወጣቶች ይህን መምረጥ እንደ ሽንፈት ያዩታል። አቋራጭ ዘዴ የሚያስተምር ቪዲዮ ስትለቃቅሙ ትውላላችሁ፤ ሁለት ዓረፍተ ነገር ላይ ሁለት ደቂቃ መቆየት ግን ያቃጥላችኋል። ይህን ስል እኛም ትዕግሥት አልነበረንም፤ እናንተ ቢያንስ ትጠይቃላችሁ።

ጥያቄው «የግድ እውነት የሚሆነው የትኛው ነው?» ካለ አንድ ቀዳዳ እንኳ አትተዉ። «ምንባቡ ይበልጥ የሚደግፈው የትኛውን ነው?» ካለ ግን እርግጠኝነት አይጠበቅባችሁም፤ ከምርጫዎቹ ሁሉ የተሻለ ድጋፍ ያለው ይበቃል። ደግሞም ከምንባቡ ውጭ የምታውቁትን ወደ ጎን ተዉት። አዎ፣ እኔን ያሳሳተኝ ከማስታወሻው ውጭ ያለውን አለመጠየቄ ነበር። ፈተና ላይ የሚጠየቅ ሰው የለም፤ መጋዘኑ ውስጥ ግን ንብረት ቆጣሪው ከአጠገቤ ቆሞ ነበር።

ሰውየውን ከዓመታት በኋላ መንገድ ላይ አገኘሁት። ሞቅ ያለ ሰላምታ ሰጠኝ። ሪፖርቱን የጻፍኩት እኔ መሆኔን አያውቅም ማለት ነው ብዬ፣ ምንም ሳልናገር አለፍኩ። ይኸው፣ ይህንንም ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም።