ስለ ታጣቂዎቹ እምነት የጠየቃችሁኝ

እዚህ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ደረጃ ተጋርቶ ነው የሚኖረው። «በእስልምና ስም የሚገድሉት ሰዎች ምን ብለው ነው የሚያምኑት? ጠይቁኝ» ብዬ ነበር። የእስልምና ታሪክ አስተምራለሁ፤ የማውቀውን ልመልስ።

«በ2007 ሚያዝያ ሊቢያ ላይ ልጆቻችንን የገደሉት በሃይማኖት ስም ነው። እንዴት ሃይማኖቱን አይመለከተውም ትላላችሁ?» (አንዲት እናት)

ይመለከተዋል፣ እማማ። «እኛን አይወክልም» ብሎ ማለፍ የእርስዎን ሐዘን ማቃለል ነው። ገዳዮቹ የቁርኣን አንቀጽ ይጠቅሳሉ። የሚጠቅሱት ግን ከወረደበት ምክንያት ነጥለው፣ የዑለማውን (የሃይማኖት ሊቃውንቱን) ትንታኔ ዘለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ከመቶ በላይ ዑለሞች ለአይሲስ መሪ ለባግዳዲ ግልጽ ደብዳቤ ጽፈው ጥፋቱን አንድ በአንድ ነግረውታል።

«ሥሩ የቱ ጋ ነው?»

ሰው ሁሉ ጂሃድን ያነሳል። እኔ ተክፊር ነው እላለሁ። ሙስሊም ነኝ የሚለውን ሰው «ከዲን (ከሃይማኖት) ወጥተሃል» ብሎ መፍረድ ማለት ነው። ይሄ ከተፈረደ በኋላ ደሙን ማፍሰስ የተፈቀደ ይሆንባቸዋል።

የጀመሩት ኸዋሪጆች የሚባሉት ተገንጣዮች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ657 ከሲፊን ጦርነት በኋላ አራተኛው ኸሊፋ ሰይዲና ዐሊ ከተቀናቃኛቸው ከሶሪያው ገዥ ከሙዓዊያ ጋር በሽምግልና ለመጨረስ ተስማሙ። እነዚህ ሰዎች «ፍርድ የአላህ ብቻ ነው» ብለው ተገነጠሉ። ዐሊ «ቃሉ እውነት ነው፤ የተፈለገበት ግን ሐሰት ነው» አሏቸው። በ661 ከመካከላቸው አንዱ ኩፋ ላይ በሰይፍ ገደላቸው። የነቢዩን የአጎት ልጅና አማች ካፊር (ከሃዲ) ያለ ሰው፣ ማንን ይምራል?

በኋላ ግብፃዊው ሰይድ ቁጥብ በፕሬዚዳንት ናስር እስር ቤት ሆኖ ጻፈ። የዛሬው ማኅበረሰብ፣ ሙስሊም ነኝ ባዩ ጭምር፣ ጃሂሊያ (ከእስልምና በፊት የነበረው ድንቁርና) ውስጥ ነው አለ። እ.ኤ.አ. በ1966 ተሰቀለ። እ.ኤ.አ. በ1981 የግብፁን ፕሬዚዳንት ሳዳትን የገደሉት ደግሞ የመካከለኛው ዘመን ሊቅ ኢብን ተይሚያ በሞንጎሎች ላይ የሰጠውን ፈትዋ (ሃይማኖታዊ ብይን) አንስተው በገዛ መሪያቸው ላይ አዋሉት።

«ጂሃድ ማንም ተነስቶ ያውጃል?»

አያውጅም። በነባሩ ፊቅህ (የእስልምና ሕግ) ጦርነት የሚያውጀው መሪ ነው። ሴት፣ ሕፃን፣ አዛውንትና መነኩሴ አይነካም። ወራሪ ሲመጣ መከላከል ግን የእያንዳንዱ ግዴታ ነው። ፍልስጤማዊው ሰባኪ ዐብደላህ አዛም እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ለአፍጋኒስታን ይህቺን ለጠጣት፤ የትም ያለ ወጣት ወላጁን ሳያስፈቅድ ይሂድ አለ።

«ጺሙን ያሳደገ ሁሉ ይጠርጠር?»

የለም። ጺም የሚያሳድጉት ብዙዎቹ ሰለፊ ናቸው፤ የቀደሙትን ሙስሊሞች ፈለግ እንከተላለን የሚሉ። አብዛኛው ሰለፊ ግን መሪ ላይ መሣሪያ ማንሳትን ሐራም ይላል።

«ነቢዩ ሐበሻን አትንኩ ብለዋል አይደል? አልሸባብስ?»

«ሐበሾች እስካልነኳችሁ ድረስ ተዉዋቸው» የሚል ሐዲስ አለ፤ ንጉሣችን ነጃሺም ከመካ የተሰደዱትን የነቢዩን ተከታዮች አስጠልለዋል። አልሸባብ ግን ጦራችን በእኛ አቆጣጠር በ1999 ሶማሊያ መግባቱን እንደ መስቀል ጦርነት ሰብኮ ወጣት ሰበሰበበት። እዚህ ላይ ፖለቲካውና እምነቱ ተጋምደዋል፤ አንዱን ብቻ የሚያወራችሁን አትመኑ።

«ልጄ ስልኩ ላይ የሚሰማው ሰባኪ አለ። በምን ልለየው?»

እህቴ፣ ስልኩን አትንጠቂው። አጠገቡ ቁጭ ብለሽ አብረሽ ስሚ። ሰውየው የሰፈራችንን ኢማም ካፊር ካለ፣ ወይም «እናት አባት አታማክሩ» ካለ፣ ከመግሪብ በኋላ ልጁን ይዘሽው ነይ። መስጊድ አለሁ።