ቦርዱ 20 በመቶ ሲል ኢንሹራንሱ 14 በመቶ የሚለው ለምንድን ነው?

ሰላም እህቴ፣ ወንድምሽን አላህ ይማርልሽ። ሌሎችም እንዲከተሉን ጥያቄሽን አሳጥሬ ልድገመው። ወንድምሽ ቡና ማዘጋጃ ውስጥ ሲሠራ ቀኝ እጁን የመፈልፈያው ማሽን ቺንጋ (ማሽኑን የሚያዞረው ቀበቶ) ይዞት ጠቋሚና የመሃል ጣቱ ተቆርጠዋል። የሐኪሞች ቦርድ 20 በመቶ የአካል ጉዳት ብሎ ጽፏል። ኢንሹራንሱ የማስበው በ14 በመቶ ነው ይላል። ድርጅቱ ደግሞ «ኢንሹራንስ ከከፈለ የኛ ጉዳይ አልቋል» ብሏችኋል።

ሁለቱም ቁጥሮች ልክ ሊሆኑ ይችላሉ፣ ምክንያቱም የሚለኩት የተለያየ ነገር ነው። የድርጅቱ መልስ ግን ሳይጣራ የሚታመን አይደለም።

ከሕጉ ልጀምር። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የአካል ጉዳት የሚለው በሥራ ላይ በደረሰ ጉዳት ምክንያት የመሥራት ችሎታ ሲቀንስ ወይም ጨርሶ ሲጠፋ ነው። ጊዜያዊ፣ ዘላቂ ከፊል፣ ዘላቂ ሙሉ እና ሞት ብሎ ይከፍለዋል። ሥራ ባያስቆምም ከባድ የመልክ ወይም የአካል መበላሸት ካስከተለ፣ ለካሳ ሲባል እንደ ዘላቂ ከፊል ይቆጠራል። ዘላቂ ሙሉ የሚባለው ማናቸውንም ገቢ የሚያስገኝ ሥራ መሥራት ሲያቅት ነው። ይህች «ማናቸውንም» ብዙ ሰው ታሳዝናለች፤ እግሩ የተቆረጠ የአይሱዙ ሹፌር መንዳት ባይችልም ተቀምጦ የሚሠራው ሥራ ካለ ሙሉ ጉዳተኛ አይባልም። መቶኛውን የሚወስነው የሐኪሞች ቦርድ ሲሆን በተቻለ መጠን ጉዳቱ ከደረሰ በ12 ወር ውስጥ መወሰን አለበት። ጉዳቱ ከባሰ ወይም ምርመራው ስህተት ከነበረ እንደገና እንዲታይ መጠየቅ ይቻላል።

አሁን ወደ ብሩ። ስሌቱ እንዲታይ ብቻ ደመወዙን 6,000 ብር እናድርገው። ከሥራ ውጭ ሆኖ በሚታከምበት ጊዜ አሠሪው የመጀመሪያዎቹን 3 ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን 3 ወራት ቢያንስ 75 በመቶ፣ የቀሩትን 6 ወራት ቢያንስ 50 በመቶ ይከፍላል፦ 18,000፣ 13,500፣ 18,000። ክፍያው ሲድን፣ የዘላቂ ጉዳት ክፍያ የማግኘት መብቱ ሲጀምር ወይም 12 ወር ሲሞላ፣ ከሦስቱ በቀደመው ይቆማል። የሕክምናው ወጪ፣ መድኃኒቱና አስፈላጊ ከሆነ ሰው ሠራሽ አካሉ ለብቻ ነው፣ ከዚህ ላይ አይቀነስም።

ለዘላቂው ጉዳት ግን መንገዱ ሁለት ስለሆነ ወንድምሽ በጡረታ መዋጮ ውስጥ መኖሩን መጀመሪያ አጣሩ። የደመወዝ ወረቀቱ ላይ 7 በመቶ ይቆረጥ ነበር? በጡረታ ሕግ ያልተሸፈነ ሠራተኛ ለሙሉ ጉዳት የ5 ዓመት ደመወዙን፣ ለከፊል ደግሞ ከዚያ ላይ በመቶኛው ልክ ከአሠሪው ያገኛል። የዓመት ደመወዙ 72,000 በ5 ሲባዛ 360,000፣ የዚህ 20 በመቶው 72,000 ብር ነው። የተሸፈነ ከሆነ ደግሞ ጉዳቱ ቢያንስ 10 በመቶ ሆኖ መሥራት ግን ካላቆመ በአንድ ጊዜ የሚከፈል የጉዳት ዳረጎት አለ፦ የደመወዙ 47 በመቶ (2,820) በ60 ተባዝቶ 169,200፣ ከዚያ 20 በመቶው 33,840 ብር። ለዘለቄታው መሥራት ካልቻለ ዳረጎቱ ቀርቶ በየወሩ የጉዳት ጡረታ አበል ይሆናል። የሕብረት ስምምነት (የሠራተኛ ማኅበሩና የድርጅቱ ውል) ካላችሁ እሱንም አንብቡት፣ የተሻለ ሊኖረው ይችላል።

የኢንሹራንሱ 14 በመቶ ከየት መጣ? ድርጅቶች ብዙ ጊዜ ከሁለት ፖሊሲዎች አንዱን ይገዛሉ። አንደኛው የሠራተኞች ካሳ ዋስትና ሲሆን የአሠሪውን ሕጋዊ ኃላፊነት ይሸፍናል። ሁለተኛው የቡድን የግል አደጋ ዋስትና ነው፣ ይህ በውሉ ላይ በተለጠፈው ሠንጠረዥ ይከፍላል። ሠንጠረዡ የአካል ክፍሎች የዋጋ ዝርዝር በሉት። ለምሳሌ ጠቋሚ ጣት ሙሉ በሙሉ ሲቆረጥ 8፣ የመሃል ጣት 6 ካለ ድምሩ 14 ነው። ቦርዱ ሠራተኛው ምን ያህል የመሥራት አቅም እንዳጣ ሲመዝን፣ ሠንጠረዡ ግን አናጢም ሁን መምህር የጣቱን ዋጋ ብቻ ያያል። ስለዚህ የግል አደጋ ፖሊሲ ላይ «ቦርዱ 20 ብሏል» እያሉ መከራከር ብዙም አያዋጣም። ፖሊሲው የሠራተኞች ካሳ ከሆነ ግን 20ው ክርክር አለው፤ አሠሪው በሕግ የሚከፍለው በቦርዱ መቶኛ ነውና።

መጀመሪያ የሚጠየቀው ስለዚህ የፖሊሲው ዓይነት ነው። ድርጅቱን የፖሊሲውን ሠንጠረዥና የተሸፈነውን መጠን ኮፒ በደብዳቤ ጠይቁ። ውሉ በእንግሊዝኛ ሊሆን ይችላል፣ የሚያነብላችሁ ሰው ያዙ። ሌላም ወጥመድ አለ፦ አረቦኑ (አሠሪው ለዋስትናው የሚከፍለው) በደመወዝ ላይ ሲሰላ አንዳንድ አሠሪ ለኢንሹራንሱ ደመወዙን አሳንሶ ያስመዘግባል። ክፍያውም ባስመዘገበው ልክ ነው የሚመጣው። ጉድለቱ ወደ አሠሪው ይመለሳል፣ «የኛ ጉዳይ አልቋል» የሚለው እዚህ ጋ አይሠራም።

የሕክምና ወረቀቱን ደግሞ በደንብ አንብቡ። «ሁለት ጣቶች ተቆርጠዋል» የሚል ሪፖርት ብቻውን ደካማ ነው። ከየትኛው አንጓ፣ ስንት አጥንት ቀረ፣ የቀረው ጉማጅ ይታጠፋል አይታጠፍም፣ የትኛው እጅ፣ ቀኛማ ነው ግራኝ? አንዳንድ ፖሊሲ ለቀኝና ለግራ እጅ የተለያየ መቶኛ አለው። ሠንጠረዡ «ሙሉ በሙሉ ጥቅም ማጣት»ንም እንደ መቆረጥ ከቆጠረ፣ ቢተርፍም ደርቆ የቀረ ሌላ ጣት ካለ እሱም ይደመራል፣ ግን ሐኪሙ በግልጽ ካልጻፈው የሚያየው የለም። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ስትሄዱ የመጀመሪያ ቀን ካርዱን፣ የኦፕሬሽን ማስታወሻውን፣ ራጁንና የድርጅቱን ደብዳቤ ይዛችሁ ሂዱ።

ስለ ጫት አንድ ነገር፣ ጅማ ነንና። ካርድ ሲከፈት «ጫት ይቅማል?» ተብሎ ተጠይቆ መልሱ ይጻፋል። ኢንሹራንሱ ውስጥ የካሳ ጥያቄውን የሚያየው ሰው በዚያ «አደንዛዥ ዕፅ» ብሎ ሊይዘው ይችላል። አዋጁ አሠሪውን ነጻ የሚያደርገው ሠራተኛው ሰውነቱን ወይም አእምሮውን መቆጣጠር እስኪያቅተው ሰክሮ ሥራ ላይ ከተገኘ፣ ሆን ብሎ ራሱን ከጎዳ ወይም በግልጽ የተሰጠውን የደህንነት መመሪያ ከጣሰ ነው። ይቅማል የሚል ጽሑፍ ብቻውን ከነዚህ ውስጥ አይገባም። የቺንጋው መከለያ ተፈትቶ ከነበረ ያ ለወንድምሽ ጠንካራ ማስረጃ ስለሆነ ፎቶ አንሱ፣ አብረውት የነበሩትን ስም ጻፉ።

ሌሎቻችሁም በመልዕክት ስለጠየቃችሁ፦ ከቤት ወደ ሥራ በራስ ባጃጅ ስትሄዱ የሚደርስ አደጋ በአዋጁ የሥራ ላይ አደጋ አይደለም፣ ድርጅቱ ለሠራተኛው በመደበው ወይም በተከራየው ሰርቪስ ከሆነ ግን ነው። ስትሮክ፣ ስኳር፣ ኩላሊት የሚያመጡት ጉዳት ደግሞ በአደጋ ፖሊሲ አይከፈልም፣ በጡረታ በኩል የጤና ጉድለት አበል ነው የሚታየው።

እህቴ፣ አሁን ኢንሹራንሱ የሚያስፈርማችሁን ወረቀት ተጠንቀቁ። «ከዚህ በኋላ ምንም ጥያቄ የለኝም» የሚል ከሆነ እንደ ከፊል ክፍያ መቀበላችሁን በእጅ ጽፋችሁ ፈርሙ፣ ካልተቀበሏችሁ አትፈርሙ። አደጋው ለኢንሹራንሱ በጊዜው መነገሩንም አረጋግጡ። ንግድ ሕጉ አደጋው ከታወቀ በ5 ቀን ውስጥ ለመድን ሰጪው ይነገር ይላል፣ ያን ማድረግ የነበረበት ድርጅቱ ነው፣ የደብዳቤውን ቀን ተመልከቱ። በመድን ውል የሚነሳ ክስ በ2 ዓመት ይታገዳል፣ ከአሠሪው የሚጠየቀው ግን በ1 ዓመት ስለሆነ መጀመሪያ እሱን አስቡ። ክሱ እዚህ ጅማ በአፋን ኦሮሞ ነው የሚጻፈው፣ የቦርዱን ውጤትና የሕክምና ወረቀቱን ከነትርጉሙ አያይዙ።